ኮርዲ ያልመረጠችው ቡድን

ማርች 5፣ ሐሙስ

የቤተ ክርስቲያኑ ሚኒባስ ዛሬ ንጋት ላይ መንገድ ዳር ቆሞ ቀረ። ካምቢዮው ነው አሉ። ውስጡ እህቴ ኮርዲና ሌሎች ሦስት ሰዎች ነበሩ። አራቱም ኩላሊታቸው ስለማይሠራ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸውን በማሽን ለማሳጠብ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል የሚሄዱ ናቸው። ብርድ ላይ ሁለት ሰዓት ከጠበቁ በኋላ ነው ሰው የደረሰላቸው። ሌሎቹን ሦስቱን ልጆቻቸው እናመላልሳቸዋለን ብለዋል። ኮርዲ ልጅ የላትም። እኔ አለኋት።



ማርች 7፣ ቅዳሜ

ከንጋቱ አስር ሰዓት ተኩል በሯ ላይ ነበርኩ። ሃምሳ ማይል ሄድን፣ ሃምሳ ማይል ተመለስን። አራት ሰዓት ሙሉ ወንበር ላይ ተኝታ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መንገዱን ሁሉ "ነዳጅሽን ጨረስኩብሽ" ስትል ነበር። ዝም በይ አልኳት። ዝም አላለችም።

ደክሞኛል። ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ማርች 9፣ ሰኞ

ራሞና ቁርስ ቤቷ ውስጥ ትሪ እንደያዘች ያዘችኝ።

"ዊልዳ፣ ወረቀቱ መቼ ነው የሚመጣው? ሰዉ እኔን እየጨቀጨቀኝ ነው።"

"እሑድ ምድቡ ሲታወቅ፣ ሰኞ አመጣለሁ።"

"ዘንድሮ ለማን ነው?"

"ለሚኒባሱ ካምቢዮ።"

"ጎሽ" አለችና ሄደች።

ዘንድሮ እተወዋለሁ ብዬ ነበር። ውርርዱን አስራ ዘጠኝ ዓመት የመራው ባለቤቴ ሃርላን ነው። የኮሌጆቹ የቅርጫት ኳስ ጥሎ ማለፍ ሲመጣ የከተማው ሰው አስር አስር ዶላር ይከፍልና ከስልሳ አራት ቡድን ማን ማንን እንደሚጥል፣ ዋንጫውን ማን እንደሚወስድ በአንድ ወረቀት ይገምታል። ግማሹ ገንዘብ የተሻለ ለገመተው፣ ግማሹ በዚያ ዓመት ለተቸገረ። ሃርላን ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። እኔ ኳሱን ወድጄው አላውቅም፤ ግን ጽሕፈቴ ይነበባል፣ እምቢ ማለት ደግሞ አልችልበትም።

የሃርላን ሕግ ሦስት ነው። አዘጋጅ አይወራረድም። የታመመ ሰው በሌላ እጅ ማስጻፍ ይችላል። ሐሙስ ቀትር ላይ ወረቀቱ ሁሉ ራሞና ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ በኋላ እግዚአብሔርም አይነካውም።

ማርች 12፣ ሐሙስ

ዛሬ ኮርዲ ማሽኑ ላይ ሆና መጽሐፍ አነበብኩላት፤ ስለ መርከበኞች ነው፣ በረዶ ውስጥ ተይዘው የከረሙ። አልሰማችኝም። ጣሪያውን እያየች ቆየችና "ዊልዳ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳታለቅሺ" አለችኝ።

"አላለቅስም።"

"ሚኒባሱ እስከ ፋሲካ ካልተሠራ እኔ እተወዋለሁ።"

"ምኑን?"

"ይሄን። መምጣቱን። ፊትሽን አይተሽዋል? አንቺ ከእኔ ቀድመሽ ልትሞቺ ነው እኮ።"

"ስትተዊ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።"

"አስር ቀን፣ አስራ ሁለት ቀን። አያምም ይላሉ። እንቅልፍ ነው ይላሉ።" ከዚያ ሳቀች። "እንቅልፍ ደግሞ እወዳለሁ።"

ነርሷ ጃኒን መጥታ "ወይዘሮ ኮርዲ፣ ደግሞ ምን እያሉ ነው የሚያስፈራሯት?" አለች። "የአየር ሁኔታ ነው የምነግራት" አለቻት።

አላለቀስኩም። መኪና ማቆሚያው ላይ ግን መርፌ የተወጋሁት እኔ ይመስል ክንዴን ይዤ ቆሜ ነበር።

ፋሲካ ኤፕሪል አምስት ነው። ቆጠርኩት።

ማርች 15፣ እሑድ

ምድቡ ታወቀ። ቀዮቹ፣ የኛዎቹ፣ ገብተዋል፤ ሰው ሁሉ የመኪናውን ጡሩምባ እየነፋ ነው። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰማያዊዎቹም ገብተዋል፣ ያውም አንደኛ ደረጃ ተሰጥቷቸው።

ሳምንቱን ሁሉ ቤተ መጻሕፍት ጋዜጣ ሳነብ ነበር። ለምን እንደማነብ አላውቅም። ሰባት ጋዜጣ፣ ሰባቱም የሚሉት አንድ ነው፦ ዋንጫው የሰማያዊዎቹ ነው፣ የሚያቆማቸው የለም። የኛዎቹ ረጅሙ ልጅ ጉልበቱን ታሟል፤ እሱን የሚጽፈው የሩቅ ከተማ ጋዜጣ ብቻ ነው።

ይህን በዚህ አውራጃ የሚያውቅ ሰው የለም ማለት አይደለም። ያውቃሉ። ግን በሃርላን ዘመን ሁሉ፣ ከሱ በፊትም፣ ወረቀቱ የመጨረሻ መስመር ላይ ሰማያዊዎቹን የጻፈ አንድ ሰው የለም። ዋንጫ ለማን ሲባል ቀዮቹ ነው፤ ቀዮቹ ባልገቡበት ዓመት እንኳ ሰው ከሰማያዊዎቹ በስተቀር ያገኘውን ይጽፋል። ሃርላን "አስር ዶላሬን እሰጣለሁ እንጂ ስሜን አልሰጥም" ይል ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰው ቢጽፍ ብቻውን ነው። ይህን እንዲሁ ነው ያሰብኩት።

ማርች 17፣ ማክሰኞ

ኮርዲ ወረቀቷን አስጻፈችኝ። መርፌ ያለበት ክንዷ አይንቀሳቀስም፣ ሌላው ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ዓይኗን ጨፍና ስልሳ አራቱንም ቡድን ትጠራለች፤ የአሠልጣኞቹን ስም፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ የማን አባት ለማን ይጫወት እንደነበር። ራሷ ስትጫወት የኖረች ትመስላለች። ከሃርላን ጋር የሚጣሉት በዚህ ነበር፤ እኔ ድንች እልጥና እሰማቸው ነበር።

"ለዋንጫ ማንና ማን?" አልኳት።

"ቀዮቹና እነዚያ ሰዎች።" ስማቸውን አትጠራም። "ጻፊ። መድረሱን ይድረሱ፤ ስንገርፋቸው ደስ የሚለው እዚያ ነው።"

"ከዚያስ…" ብዬ ሳልጨርስ ማሽኑ ጮኸ። ደም ግፊቷ ወረደ። ፊቷ አመድ መሰለ። ጃኒን ሮጣ መጥታ ወንበሩን አጋደመችው፣ እኔን ወደ ኮሪደሩ አስወጣችኝ። ሩብ ሰዓት። ስመለስ ዓይኗን ገልጣ "አለሁ" አለች። ቤት እስክንደርስ ተኛች።

የመጨረሻው መስመር ባዶ ቀረ።

ማርች 19፣ ሐሙስ

በችኮላ። ሄድን፣ ተመለስን። መኪና ውስጥ ተኝታ ነበር፣ ላስነሳት አልፈለግሁም። ቤቷ ሳደርሳትም እንቅልፍ ላይ ነበረች። ቁርስ ቤቱ ደረስኩ ለቀትር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው። አንድ መቶ አርባ ሦስት ወረቀት። ራሞና ስፒል ታቀብለኛለች፣ እኔ እለጥፋለሁ።

"የኮርዲ ላይ አሸናፊ አልተጻፈም እኮ" አለች።

እስክሪብቶ አወጣሁና ጻፍኩ። እጄ ቸኩሎ ነበር።

ማርች 20፣ ዓርብ

ዛሬ ያየው ሰላሳ ዓመት ፖስታ ሲያድል የኖረው ቨርን ነው። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የሰው ወረቀት ማንበብ ሱሱ ነው። ሻይ ልጠጣ ገብቼ ነበር።

"ኧረ ኑ! ኑና እዩ! ኮርዲ ወደ ወንዙ ማዶ ተሻግራለች!"

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ መነጽሩን አደረገ። አንዱ "አይሆንም" አለ።

"ሰ-ማ-ያ-ዊ። ጽሕፈቱ የፕሮፌሰሯ ነው፣ ይነበባል" አለ ቨርን ወደ እኔ እያመለከተ። ሃርላን ነበር ፕሮፌሰሯ የሚለኝ፤ እሱ ሲለው አያሾፍም ነበር። "ዊልዳ፣ እህትሽን ምን አጠጧት እዚያ ሆስፒታል?"

"በሽታ ላይ ናት፣ ቨርን" አለች ራሞና።

"እኔስ ምን አልኩ? በሽታ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?"

ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። ሳልጨርሰው ሻዩን ትቼ ወጣሁ። ማታ ሳልፍ ወረቀቷ ጥግ ላይ ሰማያዊ ኮፍያ ሥለውባት አየሁ።

ማርች 21፣ ቅዳሜ

ደውለውላታል። መኪና ውስጥ ቀበቶዋን ሳታስር ጀመረችኝ።

"ወረቀቴ ላይ ማንን ነው የጻፍሽው?"

መንገዱን አየሁ። ጨለማ ነበር፣ ጭጋግ ነበር።

"አንቺ ያልሽኝን።"

"እኔ እነዚያን ሰዎች አልኩ?"

"ማሽኑ ሲጮህ። ደም ግፊትሽ ሲወርድ። ያኔ አልሽ።"

እህል ማከማቻውን አለፍን፣ ድልድዩን አለፍን።

"አላስታውስም" አለች። "ዊልዳ፣ ምንም አላስታውስም።"

"ታመሽ ነበር እኮ።"

"አርባ ዓመት" አለች። "አርባ ዓመት አንድ ስም ነው የጻፍኩት።"

ለምን እንዲያ አልኩ? ጠዋት ስነሳ እውነቱን ልነግራት ነበር የተነሳሁት። ገንዘቡ ለሷ ነው፣ ግማሹ ለአሸናፊ ግማሹ ለሚኒባሱ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ቢሆኑ ካምቢዮው ሊሠራ ይችላል፣ ልላት ነበር። ደግ ነገር ነው ያደረግሁት፣ ልላት ነበር። አፌ ሌላ ተናገረ።

ማርች 24፣ ማክሰኞ

ኮርዲ ዛሬ መንገዱን ሁሉ ራሷን ስትፈትን ሄደች። የክፍለ ግዛቶቹን ዋና ከተሞች ትጠራለች። እናታችን የሞተችበትን ቀን። የድሮ ተጫዋቾችን በማልያ ቁጥራቸው። አንዱን ትስትና መሪው ላይ ያለውን እጄን ትነካኛለች፤ "ሃያ ሁለት ቁጥር ማን ነበር? እወቂልኝ።" እኔ አላውቅም። "አየሽ፣ እየሄደብኝ ነው" ትላለች። ሆስፒታል ስንደርስ ጃኒንን "አእምሮዬን የሚያይልኝ ሐኪም አለ?" አለቻት። እኔ ኮቴን እየሰቀልኩ ነበር፤ ስሰቅለው ብዙ ቆየሁ።

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ስለዚህ ልጻፈው። ጽፌው አላውቅም።

ስድስት ዓመት ሆነው። የኮርዲ ኩላሊት እንደማይመለስ ሲታወቅ ሆስፒታሉ ለእኔና ምዕራብ ላለው ወንድማችን ደብዳቤ ላከ፤ አንዱ ኩላሊታችሁ ይስማማት እንደሆነ መጥታችሁ ተመርመሩ የሚል። ወንድማችን ስኳር ስላለበት አልሆነም። ቀረሁ እኔ። ስምንተኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ቲማቲም ማሸጊያ ፋብሪካ የገባሁ ሴት ነኝ፤ የማውቀውን ያወቅሁት ከተውሶ መጽሐፍ ነው። ያን ጊዜም ስለ ኩላሊት የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ተዋስኩ። አንዱ ገጽ ስለ ሰጪዎቹ ነበር። ከስንት ሺህ ሰው አንዱ ከዚያ አልጋ እንደማይነሳ ይናገራል። ቁጥሩን አልረሳሁትም፣ እዚህ ግን አልጽፈውም። ሌላ ሰው ቢያነበው "ይቺን ነው የፈራችው?" ይላል።

በቀጠሮዬ ቀን ሄድኩ። መኪናዬን ሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት አቆምኩ። ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲወጣ አየሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ሱቅ ሄድኩና መጋረጃ ገዛሁ። ቢጫ። ቤት ስገባ ሃርላን "እሺ፣ ምን አሉሽ?" አለኝ። "አይስማማም አሉ" አልኩት። ለኮርዲ የደወለላት እሱ ነው። "ምን ታደርጊዋለሽ፣ የደም ነገር ነው" ሲላት እሰማለሁ። እኔ ወንበር ላይ ቆሜ መጋረጃውን እሰቅል ነበር።

እሱም ሳያውቅ ሞተ።

ማርች 28፣ ቅዳሜ

ቀዮቹ ወደቁ። ረጅሙ ልጅ በሁለተኛው ግማሽ እያነከሰ ወጣ። ከተማው ሰው የሞተበት ይመስላል፤ ራሞና የቁርስ ቤቷን መብራት ግማሹን አጥፍታለች። ሰማያዊዎቹ ሃያ ሦስት ነጥብ አብልጠው አለፉ።

አንድ መቶ አርባ ሁለት ሰው ዋንጫ ላይ የገመተው ከሸፈ። ነጥቡን ደመርኩ። ቨርን ይመራል። ሰማያዊዎቹ ዋንጫውን ከወሰዱ ግን ኮርዲ ትበልጠዋለች።

ሁለቴ ደመርኩት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኤፕሪል 2፣ ሐሙስ

ዛሬ ጃኒን ወረቀት አምጥታ ሰጠቻት። ኮርዲ ነች የጠየቀቻት። እጥበቱን በራሴ ፈቃድ አቆማለሁ ብሎ የሚፈረምበት ነው። ኮርዲ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገሩ እንዳይፈርሙ" አለቻት ጃኒን። እኔን እያየች ነው ያለችው።

"ከፋሲካ በፊት አልፈርምም፤ የአሳማውን ጭን ሳልበላማ!"

መኪና ውስጥ ስንገባ ግን አልቀለደችም።

"ሰውነቴ ቢደክም እሺ" አለችኝ። "ሰውነት ይደክማል። ግን የተናገርኩትን የማላውቅ ከሆነ ዊልዳ፣ ማን ነው እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው? ለማን ነው ደም የምታጥቡት?"

"አንድ ቀን ነው እኮ የሳትሽው።"

"የነገርሽኝ አንዱን ነው። የማላውቀው ስንት እንዳለ በምን አውቃለሁ?"

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ነገሩ አሁን ገብቶኛል። ሚኒባሱን ላሠራላት ብዬ ጭንቅላቷን ነጠቅኋት። ፈርማ ብትቀር ያስቀራት በሽታው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ።

ከነገ ወዲያ እነግራታለሁ።

ኤፕሪል 4፣ ቅዳሜ

ነገርኳት።

ስንሄድ አልቻልኩም። ስንመለስ ነው፣ ነዳጅ ማደያው ጋ አቁሜ። ነዳጅ አያስፈልገኝም ነበር።

"ኮርዲ፣ ያን ቀን ምንም አላልሽም። ማሽኑ ጮኸ፣ ራስሽን ሳትሽ፣ መስመሩ ባዶ ቀረ። ሰማያዊዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንደሚያሸንፉ አንብቤ ነበር። አንቺ እንድትወስጂው፣ ካምቢዮው እንዲሠራ ብዬ ነው። ከዚያ ስትጠይቂኝ ዋሸሁሽ።"

አየችኝ።

"ሃያ ሁለት ቁጥር" አለች፣ "የነዚያ የመጋዝ ፋብሪካ ሰዎች ልጅ ነው። ግራኙ። ትናንት ማታ አልጋ ላይ ትዝ አለኝ።" ከዚያ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ስትገልጠው እየሳቀችም ነበር። "አንቺ ቀጣፊ። ጭንቅላቴ ደህና ነው ማለት ነው?"

"ከኔ ይሻላል።"

"ሁለት ሳምንት! ሁለት ሳምንት ሙሉ የክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ! በዚህ ዕድሜዬ!"

"አውቃለሁ።"

"አታውቂም። ዝም በይ።" መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየር ሳበች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ከጀመርሽ አይቀር፣ ሌላውንስ?"

"የቱን?"

"ዊልዳ።"

እጄ መሪው ላይ ነበር። አልተንቀሳቀስኩም።

"በሁለተኛው ዓመት የራሴን መዝገብ አውጥተው እንዲያሳዩኝ ጠየቅሁ" አለች። "የወንድማችን ስም አለ። የተመረመረበት ቀን አለ። ያንቺ ስም የለም። ጭራሽ የለም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እኔ ነኝ የምነግርሽ?" አለች። "አንቺ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። ከዚያ ሃርላን ሞተ፣ ጥቁር ለብሰሽ እንዴት ልጠይቅሽ? ከዚያ ዝም ማለቱ ተለመደ።"

"አልተናደድሽም?"

"ተናድጄ ነበር እንጂ! ሁለት ፋሲካ ያመጣሽልኝን ኬክ ለጎረቤት ውሻ ነው የሰጠሁት።"

ፈርቼ ነው አልኳት። መኪና ማቆሚያው ድረስ መሄዴን፣ መጽሐፉን፣ ገጹን፣ መጋረጃውን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝ። "ብትፈሪ እኮ ምንም አልልሽም ነበር" አለች። "ብትነግሪኝ አብሬሽ እፈራ ነበር። ብቻዬን ያስቀረኝ ፍርሃቱ አይደለም።"

ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋ። ነዳጅ ሳልቀዳ ወጣሁ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁም። ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ ነበር፣ ወረቀቱ ውስጡ ነው። ቤቷ ስትገባ "ግድግዳው ላይ ያለውን ስሜን አውርጂልኝ። ከጨዋታው በፊት" አለችኝ። ስለ ወረቀቱ ምንም አላለችም።

ዛሬ ማታ ሰማያዊዎቹ ለዋንጫ አለፉ።

ኤፕሪል 5፣ እሑድ

ፋሲካ። የአሳማ ጭን፣ ድንች። ሁለታችን ብቻ። ከኬኩ ሦስት ጊዜ ጨምሪልኝ አለች። ቦርሳዋን አየሁት፣ አልከፈተችውም። አልጠየቅኳትም። ፈራሁ።

ኤፕሪል 6፣ ሰኞ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ቁርስ ቤቱ ሙሉ በነበረበት ሰዓት ገባሁ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ሃርላን ሲቀበር እንኳ አልተናገርኩም። ግድግዳው ጋ ሄጄ የኮርዲን ወረቀት ነቀልኩ።

"ኧረ! ኧረ! የሃርላን ሕግ!" አለ ቨርን።

"የመጨረሻውን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ኮርዲ አልመረጠችም። ሳልጠይቃት ጻፍኩ፣ ስትጠይቀኝም አንቺ ነሽ ያልሽው ብዬ ዋሸኋት። ወረቀቱ አይቆጠርም።"

ሹካ ሲቀመጥ ተሰማ። ጥግ ላይ ያለ አንድ ሰው "ሃርላን ይህን ቢሰማ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ሰማሁት። ትክክል ነው።

ቨርን ኮፍያውን ገፋ አደረገ።

"ማለት፣ ያቺ ሴት ጤነኛ ናት?"

"ጤነኛ ናት።"

"እና እኔ ሁለት ሳምንት ተኩል ለሷ ስጸልይ የከረምኩት በከንቱ ነው?"

"ኮፍያ የሣልክባት አንተ ነህ" አለችው ራሞና።

"እየጸለይኩ ነው የሣልኩት።" ከዚያ በጣቱ ቆጠረ። "ቆይ። እሷ ከወጣች አሸናፊው እኔ ነኝ ማለት ነው?"

"አዎ። አሁን ዝም በል፣ እንቁላልህን ብላ" አለችው።

ራሞና በር ድረስ ሸኘችኝ። "ከርሞ ሌላ ሰው ቢይዘው ይሻላል፣ ዊልዳ" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። እሺ አልኳት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ትከሻዬ ወረደ። እንደዚህ መድከሜን አላወቅሁም ነበር።

ኤፕሪል 7፣ ማክሰኞ

ትናንት ሰማያዊዎቹ በአስራ አንድ ነጥብ አሸነፉ። ከኮርዲ ጋር ያየነው በሷ ቴሌቪዥን ነው። ዋንጫውን ሲያነሱ ጣቢያውን ቀየረችው።

ዛሬ ከንጋቱ አስር ሰዓት ተኩል ከአምስት ደቂቃ ላይ በሯ ደረስኩ። ይከፈት አይከፈት አላወቅሁም። የበረንዳው መብራት በርቶ ነበር። ኮቷን ለብሳ ደረጃው ላይ ቆማለች።

"አምስት ደቂቃ ዘገየሽ" አለች።

መሪውን ይዤ አለቀስኩ። "አንቺ ንጂ፣ ማልቀሱን ኋላ ታደርሺዋለሽ" አለችኝ። ሆስፒታል ስንደርስ ያን ወረቀት አወጣችና ሳትፈርምበት ለጃኒን መለሰችላት። ጃኒን ለሁለት ቀዳ ጣለችው።

"ሚኒባሱ ግን አልተሠራም እኮ" አልኳት በኋላ።

"ያን ወረቀት ያስጠየቀኝ ሚኒባሱ አይደለም፣ ራሴን መጠራጠሬ ነው" አለች። "አሁን የምጠራጠረው አንቺን ብቻ ነው። እሱ ይቻላል።"

ለሚኒባሱ የደረሰው ገንዘብ የካምቢዮውን ዋጋ ግማሽ ብቻ ነው የሚሸፍነው። ቨርን ድርሻውን ወሰደ፣ አንድ ዶላር አልመለሰም። ከሰዓት በኋላ ግን ደውሎልኝ ነበር።

"ፕሮፌሰር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ልውሰዳት። ሰላሳ ዓመት በዚያ ሰዓት ተነስቼ አሁንም እንቅልፍ አይወስደኝም።"

"አመሰግናለሁ፣ ቨርን።"

"ንገሪያት ታዲያ፣ በኔ መኪና ውስጥ ኳስ የማወራው እኔ ብቻ ነኝ።"

ነገርኳት። "እግሬን ይዘው ቢጎትቱኝም" አለች። ቅዳሜ ትሄዳለች።

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ

ኮርዲን ማሽኑ ላይ አስተኝቼ "ፎቅ ላይ ደርሼ ልምጣ" አልኳት። የት ብላ አልጠየቀችኝም። "ቁርስ በልተሻል?" አለችኝ። "አልበላሁም።" "ለደም ምርመራ እንዲያ ነው የሚሻለው" አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ሦስተኛ ፎቅ። ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ፍርሃቱ አልቀረም፣ እዚያው አለ፣ ያው ነው። የመዝገብ ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ዕድሜዬን ጠየቀችኝ፣ ስልሳ ሁለት አልኳት። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ አይሆንም፣ ግን አንዳንዴ ይሆናል፣ ደሙን እንይ አለች። ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚህ በፊት ተመርምረው ያውቃሉ አለችኝ።

"ቀጠሮ ነበረኝ። አልመጣሁም።"

ጻፈችው። ቀና ብላም አላየችኝ።

ሰባት ብልቃጥ ቀዱብኝ። እያንዳንዱን አየሁት። ስጨርስ ጥጥ አስይዘው ወደ ልጅቷ መለሱኝ።

"ውጤቱ በሁለት ሳምንት በፖስታ ይመጣል" አለች። "ምንም ይሁን ምን ደብዳቤው ላይ ይጻፋል። ወዴት እንላክልዎ?"

የኮርዲን የቤት ቁጥርና መንገድ ነገርኳት። ለማጣራት ደግማ አነበበችልኝ። ልክ ነው አልኳት።